ሰዓቱ አልፏል ብለን ነበር

ሴትዮዋ ስድሳ ዓመት አልፏቸዋል። የሐሞት ከረጢታቸው በላፓሮስኮፒ፣ በትንንሽ ቀዳዳዎች በኩል፣ ወጣ፤ ቀዶ ሕክምናው ያለ ምንም ችግር አለቀ። ማደንዘዣ ሰጪው እኔ ነበርኩ። ሮኩሮኒየም የሚባለውን ጡንቻ የሚያላላ መድኃኒት የሰጠኋቸው መጀመሪያ ላይ የመተንፈሻ ቱቦውን ለማስገባት ነው፤ በኪሎ 0.6 ሚሊግራም፣ አንድ ጊዜ ብቻ። ከዚያ በኋላ ጠብታ አልጨመርኩም። ሰዓቴን አየሁ። መድኃኒቱ ከገባ አንድ ሰዓት ከሃያ አምስት ደቂቃ ሆኗል። አብሮኝ የነበረው ልጅ ማርከሻ ላዘጋጅ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። "ሰዓቱ እኮ አልፏል" አልኩት።

በራሳቸው ይተነፍሳሉ። ዐይናቸውን ገለጡ። "እጄን ይጨብጡኝ" ስላቸው ጨበጡኝ። "ጭንቅላትዎን ቀና ያድርጉ" ስላቸው ቀና አደረጉ፤ እስከ አምስት ቆጠርኩ። ቱቦውን አወጣሁ፣ ወደ ማገገሚያ ክፍል ሸኘኋቸው፣ ለሚቀጥለው ሕመምተኛ መድኃኒት መቅዳት ጀመርኩ።

አሥር ደቂቃ እንኳ አልሞላም። በማገገሚያው ክፍል በር በኩል የኦክስጅን መለኪያው ድምፅ እየወፈረ ሲሄድ ሰማሁ። በዚህ ሙያ የኖረ ሰው ያንን ድምፅ ከሌላ ወሬ መሀል ይለየዋል። ስደርስ 91 ነበር፣ ከዚያ 86። ደረታቸው ከፍ ዝቅ ይላል፤ አየሩ ግን እንደሚገባው አይገባም። አገጫቸው ወደ ኋላ ወድቋል። የዐይን ቆባቸው ግማሽ ላይ ቀርቷል። ከከንፈራቸው ጥግ ምራቅ ይወርዳል፣ አይውጡትም። እና ያዩኛል። ዐይናቸው ከፊቴ አልተነሣም። እኔ ደግሞ "በደንብ ይተንፍሱ፣ እናቴ፣ በደንብ ይተንፍሱ" እያልኩ እጮህ ነበር።

አገጫቸውን ወደ ፊት ስቤ በማስክና በከረጢት አየር ሰጠኋቸው፤ ኦክስጅኑ ተመለሰ። አንድ ታላቅ ባልደረባዬ ከሌላ ክፍል ጡንቻው ምን ያህል እንደተመለሰ የሚያሳይ መለኪያ ይዞ መጣ። አንጓቸው ላይ በትንሿ ጣት በኩል ሁለት ኤሌክትሮድ ለጠፈ፤ አውራ ጣታቸው ላይ ትንሽ ሴንሰር አሰረ። ነቅተው ስለነበር ኮረንቲውን ዝቅ አድርጎ ቁልፉን ተጫነ። አውራ ጣታቸው ወደ መዳፋቸው አራት ጊዜ እጥፍ እጥፍ አለ። በዐይኔ አራቱም እኩል መሰሉኝ። ስክሪኑ ግን 58 በመቶ አለ። አራተኛው ምት ከመጀመሪያው ምት ግማሽ በጥቂት ቢበልጥ ነው።

ማርከሻውን፣ ኒዮስቲግሚንን፣ ከአትሮፒን ጋር ሰጠናቸው። ከሩብ ሰዓት በኋላ ቁጥሩ 92 ደረሰ፤ ዐይናቸው ሙሉ በሙሉ ተገለጠ፣ ምራቃቸውን ዋጡ።

በማግስቱ ላያቸው ሄድኩ። ይቆጡኛል ብዬ ነበር፤ አልተቆጡም። "ልጄ፣ ስትጣራ ሰምቼሃለሁ" አሉኝ። "ተንፍሽ ስትለኝ አቃተኝ ልልህ ፈልጌ ምላሴ አልታዘዝ አለኝ። ሁለት ሁለት ሆናችሁ ነው የታያችሁኝ። እንዲህ ነው እንዴ የሚሞተው ብዬ ነበር።"

ብዙ ዓመት ሆነው። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ስለዚያች "ሰዓቱ አልፏል" ስላልኳት ቃል ነው። የማን ሰዓት?

መጀመሪያ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ልናገር። ነርቭ ጡንቻን ሲያዝ ጫፉ ላይ አሴቲልኮሊን የሚባል ኬሚካል ይለቃል። ኬሚካሉ ጡንቻው ላይ ያሉ ተቀባዮች ላይ ያርፋል፣ ጡንቻው ይኮማተራል። እንደ ሮኩሮኒየምና ቬኩሮኒየም ያሉት ጡንቻ ማላሊያዎች እነዚያን ተቀባዮች ቀድመው ይይዟቸዋል፤ ትእዛዙ ይመጣል፣ የሚቀበለው የለም። ቀዶ ሐኪሙ ሆድ ከፍቶ በሰላም የሚሠራው፣ እኛም የድምፅ አውታሮችን ሳንጎዳ ቱቦ የምናስገባው በዚህ ነው።

ተንኮሉ ያለው ሰውነት ብዙ መጠባበቂያ ተቀባይ ስላለው ነው። ከተቀባዮቹ ከ70 እስከ 75 በመቶው ተይዞ እንኳ ጡንቻው በአንድ ምት ብቻ ሲፈተን ምንም የደረሰበት አይመስልም። ከ90 እስከ 95 በመቶው ሲያዝ ደግሞ ፈጽሞ አይንቀሳቀስም። እኛ በዐይን የምናየው ለውጥ ሁሉ የሚካሄደው በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ባለች ጠባብ መንገድ ላይ ነው። እጄን የጨበጡኝ፣ ጭንቅላታቸውን ያቀኑት እናት አብዛኛው ተቀባያቸው ገና በመድኃኒቱ እጅ ነበር።

ሁሉም ጡንቻ እኩል አይደለም። ድያፍራም፣ ከሳንባ ሥር ያለው ዋናው የመተንፈሻ ጡንቻ፣ ለመድኃኒቱ ብርቱ ነው፤ ዘግይቶ ይሸነፋል፣ ቀድሞ ይመለሳል። አውራ ጣትን ወደ መዳፍ የሚያጥፈው ጡንቻ ዘግይቶ ከሚመለሱት ወገን ነው። ምግብና ምራቅ ወደ ሳንባ እንዳይወርድ የሚጠብቁት፣ የላይኛውን የአየር መንገድ ክፍት የሚያደርጉት የጉሮሮ ጡንቻዎች ደግሞ በትንሽ ቅሪት እንኳ ይታወካሉ። ደረታቸው እየተንቀሳቀሰ አየሩ ያልገባው ለዚህ ነው። ድያፍራማቸው ተመልሷል፤ ጉሮሯቸው አልተመለሰም። እኔ "በራሳቸው ይተነፍሳሉ" ብዬ የተማመንኩት ቀድሞ በሚነቃው ጡንቻ ላይ ነበር።

ስለ መጠኑ ደግሞ። በኪሎ 0.6 ሚሊግራም የሚለው ከብዙ ሰው አማካይ የወጣ ነው። ከሮኩሮኒየም ጋር የሚመጣውን መግለጫ ብታነቡ፣ በዚያ መጠን የጡንቻው ጥንካሬ ሩቡ እስኪመለስ የሚወስደው ጊዜ መካከለኛው 31 ደቂቃ ነው ይላል። ተማሪ ሆኜ የያዝኩት ይህን ቁጥር ነው። አጠገቡ ግን ሌላ ቁጥር አለ፤ ከ15 እስከ 85 ደቂቃ። አንድ ዓይነት መድኃኒት፣ በኪሎ ተሰልቶ አንድ ዓይነት መጠን፤ አንዱ በሩብ ሰዓት፣ ሌላው ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይቶ። ያውም ሩቡ እስኪመለስ ነው እንጂ ሰው ቱቦ ወጥቶለት በሰላም የሚተነፍስበት ደረጃ እስኪደርስ አይደለም። ያንን ሁለተኛ መስመር ስንት ጊዜ አንብቤው ስንት ጊዜ እንዳለፍኩት ሳስብ ይቆጨኛል።

ልዩነቱ ከየት ይመጣል? በከፊል ይታወቃል። ዕድሜ፣ ጉበት፣ ኩላሊት። ሰውነት ሲቀዘቅዝ መድኃኒቱ ይቆያል። በትንፋሽ የሚሰጡት የማደንዘዣ ጋዞች ያበረቱታል፤ ማግኒዥየምም፣ እንደ ጄንታማይሲን ያሉ አንቲባዮቲኮችም። ለሮኩሮኒየም ሴቶች በአማካይ ከወንዶች ያነሰ ይበቃቸዋል። ሰፊ ቃጠሎ የደረሰበት ሰው ብዙ ይፈልጋል፤ ማያስቴኒያ ግራቪስ የሚባለው ጡንቻ የሚያደክም በሽታ ያለበት በጥቂቱ ይወድቃል። ይህን ሁሉ አውቀን ብንደምር እንኳ ከፊታችን ስለተኛው ሰው ግምት ነው የምናገኘው። የተሻለ ግምት ነው፤ ግን ግምት።

ሰክሲኒልኮሊን በሚባለው ሌላ ማላሊያ ላይ ነገሩ ከዚህም ይገርማል። ደም ውስጥ ያለ አንድ ኤንዛይም በደቂቃዎች ይሰባብረዋል፤ ለብዙው ሰው ከአሥር ደቂቃ በታች ነው። በውርስ ኤንዛይሙ የተለየ የሆነበት ሰው ግን ለሰዓታት ሽባ ሆኖ ይቆያል። ቨርነር ካሎ የተባለው ተመራማሪ በ1950ዎቹ (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ይህን የሚለይ የደም ምርመራ አወጣ፤ ዲቡኬይን የሚባል መድኃኒት ኤንዛይሙን ምን ያህል እንደሚያግደው በመቶኛ ይለካል። የተለመደው ኤንዛይም ያለው ሰው 80 አካባቢ ያሳያል፣ ከሁለቱም ወላጆቹ የተለየውን የወረሰ 20 አካባቢ። መልኩን አይተህ፣ ታሪኩን ጠይቀህ አታውቀውም። ቀድሞ ማደንዘዣ ወስዶ ካላወቀ እሱም ራሱ አያውቀውም።

አሁን ወደ አውራ ጣት።

አራት ምት የመስጠቱን ዘዴ በ1970 ያቀረቡት ሊቨርፑል የነበሩት ሐሰን አሊ፣ ጆን አቲንግ እና ሴሲል ግሬይ ናቸው። በየግማሽ ሰከንዱ አንድ፣ በጠቅላላው አራት የኮረንቲ ምት አንጓ ላይ ለሚያልፈው የአልናር ነርቭ ይሰጣል። በእንግሊዝኛው ትሬይን ኦፍ ፎር ነው የምንለው። መድኃኒቱ ካለ ምቱ እየተደጋገመ ሲሄድ ጡንቻው ይደክማል፤ አራተኛው ከመጀመሪያው ያንሳል። አራተኛውን ለመጀመሪያው አካፍለህ ውድሩን ታገኛለህ። መድኃኒቱ ከበረታ አራተኛው ይጠፋል፣ ከዚያ ሦስተኛው፣ ሁለተኛው፣ በመጨረሻ ሁሉም።

የዚህ ዘዴ ውበቱ፣ እኔ በጣም የምወድለት ነገር፣ ሰውን ከሌላ ሰው ጋር አለማወዳደሩ ነው። ጠንካራ እጅ ይሁን ደካማ፣ ወጣት ይሁን ሽማግሌ፣ አራተኛው ምት የሚለካው በገዛ ራሱ የመጀመሪያ ምት ነው። አማካይ የሚባለው ሰው በዚህ ስሌት ውስጥ የለም።

ቱቦ ለማውጣት መጀመሪያ ላይ ውድሩ 0.7 ከሆነ ይበቃል ተባለ። በኋላ ፈቃደኛ ጤነኞች ላይ በተደረጉ ጥናቶች በዚያ ደረጃ ላይ ያለ ሰው ነገር ሁለት ሆኖ እንደሚታየው፣ መዋጥ እንደሚቸግረው፣ ኦክስጅን ሲያንሰው ሰውነቱ ትንፋሽ ጨምሮ የሚመልሰው መልስ እንደሚዳከም ታወቀ። ስለዚህ ድንበሩ ወደ 0.9 ከፍ አለ፤ የአሜሪካ የአኔስቴዥያ ሐኪሞች ማኅበር በ2023 ባወጣው መመሪያም ቱቦ ከመውጣቱ በፊት ቢያንስ 0.9 መድረሱ በቁጥር በሚለካ መሣሪያ ይረጋገጥ ይላል። ሴትዮዋ "ሁለት ሁለት ሆናችሁ" ያሉኝን ጥናቶቹ ላይ ሳገኘው ወረቀቱን አስቀምጬ ትንሽ ቆየሁ። ለእሳቸው አንድም ያልተለመደ ነገር አልደረሰባቸውም። ተጽፎ የተቀመጠ ነገር ነው የደረሰባቸው።

በዐይን እያዩ፣ በእጅ እየዳሰሱ አይቻልም ወይ? ብዙዎቻችን ርካሿን ማነቃቂያ ይዘን እንደዚያ ነው የኖርነው። ችግሩ ውድሩ 0.4 ካለፈ በኋላ የሰው ዐይንም ጣትም ድካሙን አይለይም። ከ0.4 እስከ 0.9 ያለው፣ አደጋው ሁሉ የተቀመጠበት ሰፈር፣ ለእኛ ጭጋግ ነው። ልምድ ያለው ሰው ይለያል የሚሉ አሉ። አይለይም። እኔም የዚያን ቀን አራቱም ምት እኩል መስለውኛል፣ ሰባት ዓመት ሠርቼ ነበር። ጭንቅላት ቀና ማድረጉም እንዲሁ ነው፤ ውድሩ ገና 0.6 አካባቢ ሆኖ አምስት ሰከንድ የሚያቀና ሰው ሞልቷል።

በ1979 የዴንማርኩ ዮርገን ቪቢ ሞገንሰን ከባልደረቦቹ ጋር ማገገሚያ ክፍል የደረሱ 72 አዋቂዎችን ለካ፤ 42 በመቶው ያኔ በነበረው 0.7 ድንበር እንኳ አላለፉም። በዘመኑ የነበሩት ማላሊያዎች ለረጅም ጊዜ የሚቆዩ ናቸው፤ አዲሶቹ ሲመጡ ይሻላል ተባለ። በ2003 ፈረንሳይ ውስጥ ደቤንና ባልደረቦቹ ያወጡት ጥናት ግን ለመካከለኛ ጊዜ የሚቆዩትን አዳዲሶቹን ማላሊያዎች አንድ ጊዜ ብቻ የወሰዱ፣ ማርከሻ ያልተሰጣቸው 526 ሰዎችን ተመለከተ። ከእነዚህ ውስጥ መድኃኒቱን ከወሰዱ ሁለት ሰዓትና ከዚያ በላይ ሆኗቸው የተለኩት 239 ነበሩ። 37 በመቶዎቹ 0.9 አልደረሱም። ከሁለት ሰዓት በኋላ! የእኔ አንድ ሰዓት ከሃያ አምስት ደቂቃ ምን ዋስትና ነበር?

ወደ ኋላ ሄዶ ያየ ሰው ፍርሃቱ አዲስ እንዳልሆነ ያውቃል። ሃሮልድ ግሪፊዝና ኢኒድ ጆንሰን ሞንትሪያል ውስጥ ኩራሬን፣ የዛሬዎቹን ማላሊያዎች የቀደመውን መድኃኒት፣ ለቀዶ ሕክምና ማደንዘዣ የተጠቀሙት በጥር 1942 እ.ኤ.አ. ነው። በ1954 ቢቸርና ቶድ አሜሪካ ውስጥ በአሥር ሆስፒታሎች ወደ 600,000 የሚጠጉ ማደንዘዣዎችን መርምረው፣ ማላሊያ በተሰጣቸው ሰዎች ላይ ከማደንዘዣ ጋር የተያያዘ ሞት ስድስት እጥፍ ያህል እንደሚበዛ ጻፉ። ብዙ ክርክር አስነሣ፤ መድኃኒቱ መርዝ ነው ወይስ አጠቃቀማችን? ዛሬ ሳነበው ያልተለካ ቅሪት ይታየኛል።

በመካከሉ በ1947 ስኮት ስሚዝ የተባለ ሐኪም በገዛ ፈቃዱ፣ ያለ ምንም ማደንዘዣ፣ ሙሉ በሙሉ ሽባ እስኪሆን ኩራሬ ወሰደ። ኩራሬ አእምሮንም ያደነዝዛል የሚሉ ነበሩና ሊያረጋግጥ ፈልጎ ነው። ሁሉን ሰምቷል፣ ሁሉን አስታውሷል። መድኃኒቱ የሚወስደው መልስ የመስጠትን ችሎታ ብቻ ነው። "ስትጣራ ሰምቼሃለሁ" ማለት ይህ ነው።

መሣሪያውን በራሴ እጅ ላይ ሞክሬዋለሁ። ተማሪዎቼንም እንዲሞክሩ እጠይቃለሁ፤ ማንንም አላስገድድም። በሃያ ሚሊአምፒር ቁንጥጫ ነው። በሃምሳ ግን ክርንህ ድረስ የሚዘልቅ ጥፊ ነው፤ አውራ ጣት ያለ ፈቃድህ ወደ መዳፍህ ይነጥቃል፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ ቆጥረህ ሳትጨርስ ያልቃል። የገዛ እጅህ አንተን ሳይጠይቅ ሲንቀሳቀስ ማየት ይከብዳል። ከዚያ በኋላ ሰው ሳይተኛ ሙሉ ኮረንቲ የሚለቅ ተማሪ አላየሁም።

አሠራሩ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ መሣሪያውን ወደ መሳቢያው ይመልሰዋል። ቆዳውን በአልኮል መጥረግ፣ ማድረቅ፣ ኤሌክትሮዱን በነርቩ መስመር ላይ መለጠፍ። ሕመምተኛው ከተኛ በኋላ፣ ማላሊያው ከመሰጠቱ በፊት ካሊብሬት ማድረግ፣ ማለትም የሰውየውን መነሻ ቁጥር መያዝ፤ ይህቺ አንድ ደቂቃ ናት የምትዘለለው። የአውራ ጣቱን የፍጥነት ለውጥ በሚለኩት መሣሪያዎች መነሻው ብዙ ጊዜ 1.0 ሳይሆን ከዚያ በላይ ነው። የአንዱ ሰው መነሻ 1.2 ከሆነ፣ መጨረሻ ላይ ስክሪኑ 0.9 ሲል በእውነት የተመለሰው 0.75 ነው። መነሻውን ያላወቀ መለኪያ ይዞም ይሳሳታል። የጡንቻውን ኤሌክትሪክ በቀጥታ የሚለኩት ኤሌክትሮማዮግራፊዎች ይህ ጣጣ የለባቸውም፤ እጁ ከጎን ተጠቅልሎ ቢታሰርም ይሠራሉ። ምርጫ ካላችሁ እነሱን ውሰዱ።

እጅ ሲታሰር ብዙዎች ኤሌክትሮዱን ወደ ፊት ያዞሩታል፤ ቅንድቡ ሲንቀሳቀስ ያያሉ። ቅንድብ ከአውራ ጣት ቀድሞ ይነቃል። ኤሌክትሮዱ ጡንቻውን በቀጥታ ከመታው ደግሞ መድኃኒቱ እያለም ይንቀሳቀሳል። ቱቦ ከማውጣቴ በፊት ወደ እጅ እመለሳለሁ፤ ጨርቁን ገልጬም ቢሆን። በስትሮክ የደከመ እጅ ላይም አልለጥፍም፤ ያ ጡንቻ ለመድኃኒቱ ብርቱ ስለሚሆን ከቀረው ሰውነት በፊት የዳነ ይመስላል።

ማርከሻውም ቢሆን ቁጥሩን ይፈልጋል። ኒዮስቲግሚን ጣሪያ አለው፤ መድኃኒቱ ገና ብርቱ ሳለ ብትጨምረው ብትጨምረው አይረዳም፣ አራቱም ምት እስኪመለሱ መጠበቅ ይሻላል። ሱጋማዴክስ የሚባለው ሌላው ማርከሻ ሮኩሮኒየምን ራሱን ይዞ ያስቀረዋል፤ ድንቅ ነገር ነው። ግን እሱም ሁለተኛው ምት ከተመለሰ በኪሎ 2 ሚሊግራም፣ ሽባነቱ ገና ጥልቅ ከሆነ 4 ነው። ጥልቀቱን ሳያውቅ የሚሰጥ ሰው ወይ አሳንሶ ይሰጣል ወይ ውድ መድኃኒት ያባክናል።

"እኔ በሕመምተኞቼ ላይ አይቼው አላውቅም" የሚል ባልደረባ ሁሌም አለ። እኔም አላየሁም ነበር። ሕመምተኛው ከእኔ እጅ ሲወጣ ይተነፍሳል፤ ሳንባው በሦስተኛው ቀን ቢታመም ሌላ ክፍል፣ ሌላ ሐኪም ዘንድ ነው። የሴትዮዋ አልጋ ከበሩ አጠገብ ባይሆን ኖሮ ድምፁን አልሰማውም ነበር።

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት ነበረኝ። ቀዶ ሕክምናው ከታሰበው ቀድሞ አለቀ። ማርከሻውን ሰጥቼ ቁጥሩን አየሁ፤ 78። በራሱ ይተነፍሳል፣ ትንፋሹ የሚያምር፣ ቱቦውን እየታገለ። ቀዶ ሐኪሙ ጓንቱን አውልቆ አጠገቤ ቆመ፤ ቀጣዩ ሰው ኮሪደር ላይ ተኝቷል። "ነቅቶ የለም እንዴ?" አለኝ። ማደንዘዣውን ትንሽ መለስኩለት፣ ነቅቶ ሽባ ሆኖ እንዳይሰማው። አራት ደቂቃ፤ 84። ክፍሉ ውስጥ ማንም አልተናገረም። እንደገና ተጫንኩ፤ 88። ነርሷ የሚቀጥለውን ሕመምተኛ ወረቀት ማገላበጥ ጀመረች። 94።

ጋዙን ዘጋሁ። ሲነቃ ቱቦውን አወጣሁለት፤ ሳል አለ፣ ምራቁን ዋጠ፣ ጉሮሮውን ጠራረገ።

"አለቀ እንዴ?" አለኝ፣ በጥርት ያለ ድምፅ።